በየትኛው መጽሔት ነው የምትጽፈው?

ህንድ ተማሪ ሳለሁ ክፍል የምንጋራው ልጅ ቤንጋሊ ነበር። በጥር ዕረፍት «ና፣ ከቤተሰቤ ጋር ላስተዋውቅህ» ብሎ ኮልካታ ይዞኝ ሄደ። በደረስንበት ምሽት ሻይ እየጠጣን ሳለ ይሄ አፉ የማያርፍ ልጅ «እሱ እኮ ይጽፋል» ብሎ ለአጎቱ አሳበቀብኝ። አጎትየው ከባንክ ጡረታ የወጡ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የቤቱ ልጆች ሁሉ «ካኩ» ስለሚሏቸው እኔም ካኩ አልኳቸው። ግንባራቸው ላይ የነበረውን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱና «በየትኛው መጽሔት?» አሉኝ።

የጠበቅኩት ጥያቄ ይሄ አልነበረም። እኛ ጋ አንድ ሰው እጽፋለሁ ሲል «መጽሐፍ አሳትመሃል?» ነው የሚባለው፤ ካላሳተመ ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። ቴሌግራም ላይ እንደምለጥፍ፣ የሚያነብልኝ ሰውም እንዳለ ነገርኳቸው። በጨዋ ደንብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ግን «ታዲያ ጽሑፍህን የሚመልስብህ ማን ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ይህችኛዋ ጥያቄ ናት እስከ ዛሬ ስትከነክነኝ የኖረችው።

ካኩ ራሳቸው የመጽሔት አዘጋጅ ናቸው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጡረታቸው ቆርሰው፣ ወዳጅ ዘመድ አስቸግረው በዓመት ሁለቴ የሚያወጧት ስስ መጽሔት ናት፤ አንዴ ለዱርጋ ፑጃ በዓል፣ አንዴ ደግሞ ለኮልካታው የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ። አልጋቸው ሥር ያልተሸጡ እትሞች በጁት ሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል። እንዲህ ዓይነቶቹን እነሱ «ሊትል ማጋዚን» ይሏቸዋል፤ በከተማዋ ስንት እንዳለ የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። ኮሌጅ ስትሪት ላይ ፓቲራም የሚባል የታወቀ መሸጫ አለ። ፊቱ ስትቆም አንዷን መዘህ ሌሎቹን ሳታፈርስ ማውጣት አትችልም።

በማግስቱ ማታ ካኩ ፕሩፍ ሲያርሙ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ትራስ ላይ ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚያርሙት። አንድ ግጥም ላይ ደረሱና አንድ መስመር ሰረዙ። መልሰው ጻፉት። ደግሞ ሰረዙት። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ለገጣሚው ደወሉ። ልጁ ገና የኮሌጅ ተማሪ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ስለዚያች አንዲት መስመር ሰፈር እስኪሰማ ተጨቃጨቁ፤ ካኩ ይጮሃሉ፣ ልጁም ከወዲያ ማዶ አይተናነስም። ሲጨርሱ ካኩ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወሩትና መስመሯን መልሰው ጻፏት። «እሱ ነው ልክ» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልፈታም።

የእኔን ጽሑፍ እንዲህ አድርጎ የተጣላበት ሰው ኖሮ አያውቅም። ወይ «ግሩም ነው» ይላሉ፣ ወይ ዝም ይላሉ።

ውርርድ

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤንጋሊ ጸሐፊዎች ያገኘሁትን ሳነብ ከመጽሐፉ በፊት የሚመጣው መጽሔቱ ሆኖ አገኘዋለሁ። (ቀናቱንም ዓመታቱንም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ በቅኝ ገዢው መንግሥት ደመወዝ እያደረ በ1872 «ባንጋዳርሻን»ን ጀመረ፤ ብዙዎቹን ልብ ወለዶቹንም በተከታታይ ያወጣው በዚያው ላይ ነው። ያው መጽሔት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1901 ሲነሣ አዘጋጁ ራቢንድራናት ታጎር ሆነ። ሳትያጂት ራይ ፊልም ያደረገው የቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ «ፓቴር ፓንቻሊ»ም በ1928 እና በ1929 «ቢቺትራ» ላይ ነበር በየወሩ የሚነበበው።

ስለዚሁ ስለ «ቢቺትራ» የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ካኩ ሲያወሩት እንደ ልጅ ነው የሚስቁት። ማኒክ ባንዶፓድያይ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የሒሳብ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ «መጽሔቶቹ ስም ካለው ሰው በቀር አያትሙም» እያሉ ሲያማርሩ ይሰማና «ጥሩ ከሆነ ለምን አያትሙም? እኔ ጽፌ አሳያችኋለሁ» ብሎ ይወራረዳል። ታሪኩን ጻፈ፤ ዋናው ስሙ ፕራቦድ ኩማር ሲሆን በቤት ስሙ «ማኒክ» ብሎ ፈረመና ወስዶ ሰጠ። በ1928 ታተመለት። ጓደኞቹ ተሸነፉ፤ ሒሳብም ተማሪዋን አጣች። ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀርቶ ቤንጋሊ ካፈራቻቸው ታላላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። በድህነት ኖሮ በ1956 ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ሞተ።

ይሄን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የገረመኝ የልጁ ድፍረት ነበር። አሁን አሁን የሚገርመኝ ያን ወረቀት ተቀብሎ ያነበበው ሰው ነው። ስሙን የማያውቀው ተማሪ ያመጣውን ጽሑፍ ሌላ ሥራውን አቁሞ ማንበብ፣ ከዚያ ደግሞ ከታወቁት ጎን ማተም። ውርርዱ እኮ በሁለቱም በኩል ነበር።

ስመ ጥሩም ቢሆን ከአዘጋጅ እጅ አያመልጥም። ፕራማታ ቾውድሪ በ1914 በታጎር የልደት ቀን «ሳቡጅ ፓትራ»ን ሲጀምር ታጎር የኖቤል ሽልማት ከተቀበለ ዓመት አልሞላውም፤ ዕድሜውም ሃምሳ አልፏል። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው አዲስ ነገር ባይሞክር ማንም አይፈርድበትም። ፕራማታ ግን ሰባት ዓመት ታናሹ ሲሆን፣ ቤንጋሊ በዚያ በከበደው የመጽሐፍ ቋንቋ ሳይሆን ሰው ቤቱ በሚናገርበት አነጋገር መጻፍ አለበት የሚል ነበር። መጽሔቱም የዚህ ሙግት መድረክ ሆነ፤ ታጎርን ጎትቶ አስገባው። በ1915 እዚያው ላይ መውጣት የጀመረው «ጋሬ ባይሬ» በዚያ በሚነገረው ቋንቋ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ነው። የሽማግሌን ብዕር ማስቀየር ቀላል አይደለም። (የእኛን ሽማግሌዎች እስቲ ሞክሯቸው።)

ገጣሚውን ካዚ ናዝሩል ኢስላምን በአጭሩ ልለፈው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። በ1922 «ዱምኬቱ» የተባለ መጽሔት አቋቁሞ፣ በዚያ ላይ ባወጣው ግጥም ምክንያት እንግሊዞች አንድ ዓመት ፈረዱበት። እስር ቤት ምግብ አልበላም ሲል ታጎር ጾሙን እንዲተው ቴሌግራም ላከለት። የድሮውን ቴሌግራም ማለቴ ነው። መልእክቱ ሌላ እስር ቤት ሄዶ «ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ።

ሳጥኖቹ

የካኩን ጥያቄ ከጨዋታነት ያወጣብኝ ግን የጂባናናንዳ ዳስ ነገር ነው።

ከታጎር በኋላ ቤንጋሊዎች አብዝተው የሚወዱት ገጣሚ እሱ ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይነሣም። በ1899 ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ባለችው በባሪሳል ተወለደ፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ ሥራ አንዴ ያገኛል አንዴ ያጣል። ዓይን አፋር፣ ሰው መሀል የማይመቸው ዓይነት። ያን ጊዜ ግጥሙን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ከሚያነቡትም የሚስቁበት ይበዙ ነበር።

ይህን ሰው ከጎኑ ቆሞ ያተመው በዘጠኝ ዓመት የሚያንሰው ቡድሃዴብ ቦስ ነው። ቦስ ዳካ ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ከአጂት ዳታ ጋር «ፕራጋቲ» የምትባል መጽሔት ነበረችው። መጀመሪያ በእጅ ተጽፋ የምትዞር፣ ከ1927 ጀምሮ ደግሞ የምትታተም። የጂባናናንዳን ግጥም ያወጣል፤ ሌሎች ሲያላግጡበት ደግሞ ቁጭ ብሎ መልስ ይጽፍለታል። መጽሔቷ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ቦስ ኮልካታ ገብቶ በ1935 ከፕሬሜንድራ ሚትራ ጋር «ካቪታ»ን ጀመረ፤ ስሟ ግጥም ማለት ነው፣ የምትይዘውም ግጥምና ስለ ግጥም የተጻፈን ነው። ያን ጊዜ በመጽሔቶች ውስጥ ግጥም የምትቀመጠው ዝርው ጽሑፍ አልቆ ከገጹ ግርጌ ቦታ ሲተርፍ ነበር፤ መሙያ ናት። ቦስን ያንገበገበው ይሄ ነው።

ታጎር የመጀመሪያውን እትም አንብቦ ለቦስ በጻፈው ደብዳቤ የጂባናናንዳ ግጥም በምስል የተሞላ መሆኑ ደስ እንዳሰኘው ገለጸ። ቀጥሎ በታኅሣሥ በወጣው እትም ላይ «ባናላታ ሴን» ታተመች። አሥራ ስምንት መስመር ናት። ሺህ ዓመት ምድርን ሲዞር የደከመው መንገደኛ፣ ናቶር በምትባል የገጠር ከተማ የምትኖር ሴት ዘንድ ጥቂት ዕረፍት ያገኛል። በቃ፣ ይህችው ናት። ክፍል የምጋራው ልጅ በቃሉ ይላታል፤ እናቱም፤ ያደረሰን የታክሲ ሾፌርም ግማሿን ብሎልናል። በ1942 ደግሞ ቦስ «በአንድ ፓይሳ አንድ» በሚል ስም በሚያወጣቸው ትንንሽ የግጥም መድብሎች ውስጥ «ባናላታ ሴን»ን አሳተማት፤ 16 ገጽ፣ ዋጋዋ አራት አና (የያኔ የህንድ ሳንቲም)።

እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1954 ጂባናናንዳ ራሽቢሃሪ አቬኑ ላይ ሲሻገር ትራም ገጨው፤ ከስምንት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። («ካቪታ» የምትዘጋጅበት የቦስ ቤትም እዚያው ራሽቢሃሪ አቬኑ ላይ ነበር፤ ቁጥር 202።) ከሞተ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኖቹ ሲታዩ፣ ከግጥሙ ሌላ፣ ከአሥር በላይ ልብ ወለዶችና ከመቶ በላይ አጫጭር ታሪኮች ተገኙ። በሕይወት ሳለ አላሳተማቸውም። አብዛኞቹን የጻፈው ሥራ ባልነበረው ጊዜ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ከፊሉን ደግሞ በ1948 ነው። ከነዚህ አንዱ «ማልያባን» ሲሆን ስለ አንድ ደስታ የራቀው ትዳር የሚተርክ ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1973፣ ደራሲው ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ።

እዚህ ላይ ነው የካኩ ጥያቄ የተመለሰብኝ። ያው አንድ ሰው ነው፣ ያው አንድ እጅ። ግጥሙ ሕዝብ በቃሉ የሚለው ሆነ፤ ልብ ወለዱ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለግጥሙ በየሦስት ወሩ «የታለ? ላክ እንጂ» የሚል ሰው ነበረው። ለልብ ወለዱ አልነበረውም። ዓይን አፋር ሰው ደጅ ጠንቶ «ይሄን እዩልኝ» አይልም። የሚጠይቀው ካለ ይሰጣል፣ የሚጠይቀው ከሌለ ይቆልፋል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። «ሩፖሺ ባንግላ» የተባሉትን፣ ኋላ በ1971ዱ የባንግላዴሽ ነፃነት ጦርነት ጊዜ ሰው እንደ ጸሎት የያዛቸውን ግጥሞች በ1934 ጽፎ ጨርሷቸው ነበር። ቦስ ደጁን ሲያንኳኳ ከደብተሩ አውጥቶ ሊሰጠው ይችል ነበር። አልሰጠውም፤ በ1957 ነው የታተሙት። ስለዚህ አዘጋጅ መኖሩ ብቻ ሳጥን አያስከፍትም። ደግሞስ ልብ ወለዶቹ ቢጠየቁ ኖሮ እንዲያ ይጻፉ ነበር ወይ? በየወሩ የሚጠብቅ አንባቢ ያለበት ጸሐፊ ምዕራፉን በጉጉት መቁረጥ አለበት፣ ትዳሩን ትንሽ ማሳመር አለበት፣ የዘመድ ዓይን መፍራት አለበት። «ማልያባን» ማንንም አይፈራም፤ ማንም አልጠበቀውማ። አንዳንድ ጽሑፍ ጨለማ የሚወድ ይሆን? እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ያዘነበልኩት ግን ወደ መጽሔቱ ነው፤ ምክንያቱም ሳጥኑን ያተረፉትም መጽሔተኞች ናቸው። ሆስፒታል ካስታመሙት መካከል «ማዩክ» የምትባል ትንሽ መጽሔት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ቡሜንድራ ጉሃ ያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ኋላ የልብ ቀዶ ሐኪም ሆነ። ቀን የሰው ልብ ሲጠግን እየዋለ፣ ለአሥርት ዓመታት የጂባናናንዳን የእጅ ጽሑፎች እየገለበጠ ለኅትመት አበቃ።

የቅዳሜ ደብዳቤ

አብሮ የመሥራትን ነገር ስናነሣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት እንወዳለን። የቤንጋሊዎቹ መጽሔቶች ግን ሎሚውን በጋራ ለመሸከም ብቻ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ እየተወራወሩበትም ነው። ቦስ «ፕራጋቲ» ላይ ጂባናናንዳን ይከላከል የነበረው ከማን ይመስላችኋል? «ሻኒባሬር ቺቲ» ከተባለ መጽሔት፣ የቅዳሜ ደብዳቤ እንደማለት ነው። የዚያ ዋናው ሰው ሳጃኒካንታ ዳስ ምላሱ ሰይፍ ነበር። በ1923 ከተመሠረተው ከ«ካሎል» መጽሔት ጋር የተነሡትን አዳዲስ ጸሐፊዎች እየመረጠ ይሸልታቸዋል፤ የጂባናናንዳን መስመሮች ነቅሶ እያወጣ ያላግጥባቸዋል። የትልልቆቹ ጋዜጦች ሰዎች የትንንሾቹን ጠብ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያሉ ያልፉት ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ ለማላገጥም ማንበብ ያስፈልጋል። ሳጃኒካንታ ጂባናናንዳን መስመር በመስመር አንብቦታል፣ ያውም ሌላው ሰው ዘወር ብሎ ባላየው ጊዜ።

ትራሙ ከገጨው በኋላ የሆነውን ሳነብ ሁለት ጊዜ መለስ ብዬ አረጋገጥኩ። ገጣሚው ሻምቡናት ፓንዲት ሆስፒታል ተራ ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ በቂ ሕክምና እንዲያገኝ ከተሯሯጡት አንዱ ይሄው ሳጃኒካንታ ዳስ ነው። የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር የነበረው ዶክተር ቢዳን ቻንድራ ሮይ፣ ራሱም ስመ ጥር ሐኪም ነው፣ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ በሽተኛውን ያየው በሳጃኒካንታ ልመና ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰደበውን ሰው።

ወዳጁ ቦስም ቢሆን እስከ መጨረሻ አጨብጫቢ አልነበረም። በ1940ዎቹ ጂባናናንዳ መንገዱን ሲቀይር አልተስማማውም፤ አለመስማማቱንም አልደበቀም። ሲሞት ግን «ካቪታ» መታሰቢያ እትም አወጣችለት። «ካኩ፣ ይሄ ሰው ወዳጅ ነው ጠላት?» ብዬ ብጠይቃቸው «አዘጋጅ ነው» ነበር መልሳቸው።

ወረቀቱ የት ይሄዳል

አንድ ነገር ግን ማድበስበስ አልፈልግም። በነዚህ መጽሔቶች ከሚወጣው አብዛኛው የሚረሳ ነው፤ ይሄን ካኩም አይክዱም። ግጥሙ ከሌላ ግጥም የተቀዳ፣ ድርሰቱ የተንዛዛ፣ አንዳንዱ እትም የአዘጋጁን ዘመዶች ለማስደሰት የወጣ። ችግሩ የትኛው እንደሚረሳ አስቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። አራት አና የምታወጣ 16 ገጽ ቀጭን ነገር ነበረች «ባናላታ ሴን»።

ይህን ከሁሉ በላይ የተረዳው ሳንዲፕ ዳታ ይመስለኛል። በ1972 የህንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትንንሽ መጽሔቶች ሊጣሉ ተከምረው አየ። ቤተ መጻሕፍት ሲጥል ማየት ለወጣት አንባቢ ከባድ ነገር ነው። ተናዶ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1978 ደግሞ ኮሌጅ ስትሪት አጠገብ ታመር ሌን ላይ ባለው ቤቱ የሊትል ማጋዚን ቤተ መጻሕፍትና የምርምር ማዕከል ከፈተ። ኑሮው የትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ ነበር። ሀብታም ደጋፊ አልጠበቀም። በ2023 እስኪያርፍ ድረስ በየዐውደ ርዕዩ እየዞረ ይሰበስብ ነበር። ስለ ቤንጋሊ ዘመናዊ ግጥም ጥናት የሚሠራ ሰው የሱን በር ሳያንኳኳ አይሆንለትም ነበር ይላሉ።

የኛን የቴሌግራም ጽሑፎች የሚሰበስብ ሳንዲፕ ይመጣል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ደግሞም ወረቀት ስላልሆኑ ክምሩ አይታይም። እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የያዝኩት የሚመልስብኝን ሰው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር በዓመት ሁለቴ የሚወጣ ነገር እንጀምር ተባብለን እየተነጋገርን ነው። በስሙ አልተስማማንም። ወረቀት ይሁን ፒዲኤፍ በሚለውም አልተስማማንም፤ የማተሚያ ቤቱ ዋጋ ያስፈራል፣ ፒዲኤፉን ደግሞ ማንም ሳይከፍተው ያስተላልፈዋል። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሀላችን ግጥም የማይወድ፣ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ በእስክሪብቶ የሚወጋ፣ ሁላችንም በየተራ የተቀየምነው ልጅ አለ። አዘጋጅ እሱን አድርገነዋል።